ሽቶ የተረጨበት ሽንኩርት

የሚስቴ ወንድም ከከተማው ጫፍ ስላለችው መሬት ለሰው ሲያወራ «እርሻችን» ነው የሚላት። «ሆቢ ናት፤ መንፈስ ታድሳለች» ይላል፣ እግሩን ሶፋ ላይ ዘርግቶ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የማን መንፈስ ነው የሚታደሰው? የሚስቴ ወገብ እንደሆነ አልታደሰም። እሁድ ማታ ቀና ማለት አቅቷት ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ታናናሾቿ እታለም ይሏታል፤ ሰፈሩም ይህንኑ ተቀብሎ እታለም እያለ ይጠራታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሱቋ ውስጥ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሰው ዚፕ ትቀይራለች። ቅዳሜ ማለዳ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች አውቶቡስ እንሳፈራለን። መጀመሪያ ሰሞን ሜትሩን ማውለቅ ረስታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ችግኝ የምትተክለው እየለካች ነው! መስመሩ ትንሽ ከተጣመመባት ነቅላ እንደገና ትጀምራለች። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ አጥር አጠብቃለሁ፣ በቀረው ጊዜ እቆጣለሁ።

መሬቷን ለእሷና ለወንድሟ ያወረሷቸው አባታቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አማቴ የተዉት ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውሃ ጉድጓድና የቀይ ሽንኩርታቸውን ዘር ነው። ሽንኩርቱ መልኩ አያምርም። ትንሽ ነው፣ ቅርፊቱ ወደ ጥቁር ያደላል፣ ሲከተፍ ከከታፊው አልፎ ጎረቤት ያስለቅሳል። ግን ከዓመት ዓመት ሳይበሰብስ ይቀመጣል፤ ገበያ ላይ ደግሞ ፈልጋችሁ አታገኙትም። አማቴ ከሞቱ በኋላ ይህ ዘር እንዳይጠፋ ያደረገችው ሚስቴ ብቻ ናት።

ዘር ማቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከተለቀመው ሽንኩርት ምርጥ ምርጡ ተቀምጦ እንደገና መሬት ይገባል። ያኔ ረጅም፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አገዳ ያወጣል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ድቡልቡል አበባ ይሠራል። አበባው ሲደርቅ ጥቁር ዘር ይሰጣል። ዘሩም ቢሆን ብዙ አይቆይም፤ ዓመት ካለፈው አይበቅልም። አምና ዝናብ አበላሽቶብን ስለነበር፣ ዘንድሮ ሚስቴ በእጇ የቀረውን ሽንኩርት ሁሉ ለዘር መልሳ ተከለችው። እነዚያ አበቦች ከጠፉ የአባቷ ሽንኩርት አለቀለት ማለት ነው።

ወንድሟ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። በአረም ጊዜ ሲደወልለት ስብሰባ ላይ ነው። ማሳው ውሃ በሚጠጣበት ወር ወገቡን ያመዋል። ወፍ በሚጠበቅበት ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ፈተና አላቸው። ሽንኩርት በተለቀመ ቀን ግን ማንም ሳይጠራው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ መኪናውን አጥሩ ሥር ያቆምና ጆንያውን ይዞ ይወርዳል። እኔ አማች ነኝ። ልናገር ስል ሚስቴ «የወንድምና የእህት ነገር ነው፤ አንተ አትግባበት» ትለኛለች። ጥርሴን ነክሼ ጆንያውን እጭንለታለሁ።

አበባው ገና ነጭ ሆኖ፣ ከሥር ዘር መቋጠር በጀመረበት ሰሞን ወደ እርሻው ሳንሄድ ቀረን። ሚስቴ ሥራ ይዛ ነበር። ዘሩ ሲበስል መሬት ላይ እንዳይረግፍ፣ ለእያንዳንዱ ራስ ከመጋረጃ ቁራጭ ስስ ከረጢት ትሰፋ ነበር። እሁድ ቀትር ላይ የመጨረሻዎቹን እየሰፋች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የወንድሟ ሚስት በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ፎቶ ልካለች። ባልየው ሹመት አግኝቶ አለቆቹን ምሳ ጋብዟል። ጠረጴዛው መሀል ላይ የመስታወት አበባ ማስቀመጫ ቆሟል፤ በውስጡ ነጫጭ ድቡልቡል አበቦች ታጭቀዋል። ከሥሩ «ከራሳችን እርሻ» ተብሎ ተጽፏል።

ሚስቴ ፎቶውን በጣቶቿ አጉልታ አየችው። ከረጢቱን መርፌው እንደተሰካበት ትታ ተነሳች።

«ጫማህን አድርግ» አለችኝ።

ቅዳሜ ዕለት ባልና ሚስቱ አየር ለመቀበል እርሻው ሄደው ኖሯል። አበባ ሲያዩ ጊዜ ደስ ብሏቸው በወጥ ቤት ቢላዋ አንድ ሳያስቀሩ ቆረጡት። አንዱን እንኳ አልተዉም! በራቸው ሲከፈት የተቀበለን የሽንኩርትና የሽቶ ሽታ ነው። የወንድሟ ሚስት ኋላ እንደነገረችን፣ አበባው ስለሸተታት ሽቶ ረጨችበት። አስቡት እንግዲህ። አበባው ሽንኩርት ነኝ ብሎ እየጮኸ፣ ይሄ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻል ነበር። እነሱ ግን ሽቶ ረጩበት።

ሚስቴ እንግዶቹን አንድ በአንድ እጅ ነስታ ሰላም አለች። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ገለል አድርጋ ማስቀመጫውን ከነውሃው አቀፈችው።

«እታለም፣ ምን ሆነሻል?» አለ ወንድሟ።

«የአባባ ዘር ነው» አለች።

እሱ ወደ አለቆቹ ዞሮ ሳቀ። «ሽንኩርት እኮ ነው። ነገ አንድ ኩንታል ገዝቼ እልክልሻለሁ።»

«ኩንታሉን የሚሸጥልህ ሞልቷል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄን ግን የሚሸጥልህ የለም።»

እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ። አየችኝ፤ ዘጋሁት።

ታክሲ ውስጥ ውሃው በደህናው ቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ፣ አባቷ አንድ ጊዜ ነፋስ የሰበረውን አገዳ ውሃ ውስጥ አቁመው ዘር እንዳወጡበት ነገረችኝ። ማስቀመጫውን ያልለቀቀችው ለዚህ ነው። ቤት ገብታ ውሃውን ቀይራ፣ መስኮቱ ሥር ካስቀመጠችው በኋላ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሰሽ ብዬ ላስቃት ሞከርኩ፤ አልሳቀችም።

ቤታችን ያን ሰሞን ምን ይሸት እንደነበር አልነግራችሁም። አብዛኛው ራስ ጠውልጎ ቀረ። ከጥቂቶቹ ግን እነዚያ የመጋረጃ ከረጢቶች ውስጥ ጥቁር ዘር ረገፈ፤ የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥባትን ቆርቆሮ ሥሯን እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። በዚያን ጊዜ ሁሉ ወንድሟ ደጋግሞ ደወለ። ይቅርታ ሊጠይቅ ይመስላችኋል? ማስቀመጫው የሰርግ ስጦታቸው ስለሆነ ይመለስልን ነው የሚለው። ሚስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ዘሩ ሲዘራ ግማሹ በቀለ፤ አረንጓዴ ክር መስሎ፣ ጎብጦ ብቅ አለ። በሜትሯ እየለካች ተከለችው። ስታርም ስብሰባ ነበር፤ ስታጠጣ ወገብ ታመመ፤ ወፍ ስንጠብቅ ፈተና ደረሰ። በተለቀመ ቀን መኪናው አጥሩ ሥር ቆመ።

የተለቀመው ሁሉ በአንድ ሰፌድ ላይ ነበር፤ ሁሉም ለዘር ነው። ወንድሟ ሰፌዱን አየ፣ ይዟቸው የመጣቸውን ጆንያዎች አየ፣ መሬቷ የአባባ መሆኗን አስታወሰንና ድርሻውን ጠየቀ። ሚስቴ ቆርቆሮ ቤቱ ገብታ ጠዋት ከከተማ ያመጣችውን ማስቀመጫ ይዛ ወጣች። ታጥቦ ያበራል።

«እዚህ ያለው ያንተ ነገር ይሄ ብቻ ነው» አለችው። «ሽንኩርት ከፈለግህ በአረም ጊዜ ና።»

ማስቀመጫውን ታቀፈ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጆንያውን እንድጭንለት ወደ እኔ ዞረ። ሚስቴን አየኋት፤ በዓይኗ አልከለከለችኝም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አራግፌ፣ አጥፌ፣ ባዷቸውን ጫንኩለት።