ባሕሩ የሄደባቸው ቅዳሜዎች

ልጅ እያለሁ ባሕር ቦታውን ለቅቆ የሚሄድ ነገር አይመስለኝም ነበር። ለአባቴም እንደዚያው። ሁለታችንም ባሕር በሌለው አገር ተወልደን፣ ዲቪ ደርሶን አሜሪካ፣ ፍሪሞንት ከተማ የገባን ሰዎች ነን። አባቴ አገር ቤት ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ መምህር ነበር። እዚህ ግን አጠገባችን ኒውአርክ በምትባል ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል፤ አንዱን ቅዳሜ ሠርቶ ቀጣዩን ያርፋል። በኋላ ጉድ የሠራችን ይህቺ አንድ ሳምንት እየዘለለች የምትመጣ ዕረፍት ናት።

ነገሩ የጀመረው አሥር ዓመቴ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ኦክላንድ ባሕር ዳር ለሽርሽር የሄድን ዕለት ነው። ወደ ውሃው የሚገባ ረጅም የእንጨት ድልድይ አለ፤ ፒር ይሉታል። ውሃው ከሥሩ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰዉ የማጥመጃ ዘንጉን የድልድዩ አጥር ላይ ደግፎ ዓሣ በዓሣ ላይ ያወጣል። እዚያ ላይ ሆኖ ለማጥመድ ደግሞ ፈቃድ አይጠየቅም። አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ፎርም የማይሞላበት፣ እኔን «ምን አለ?» ብሎ የማይጠይቅበት አንድ ነገር አሜሪካ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የቤቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። አባቴ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጆሮው ግን የሰዎቹን አነጋገር ሊይዝለት አልቻለም። ባንክ ስንሄድ፣ ትምህርት ቤት ስንጠራ፣ የቤት ኪራይ ቢሮ ስንገባ ሰዎቹ እሱን ትተው ቁልቁል ለእኔ ያወራሉ። እሱ ደግሞ ከንፈሬን ያያል። ያን አስተያየቱን አልወደውም ነበር፤ መምህር ተማሪውን እንዲያ ማየት ያለበት አይመስለኝም።

ሳን ሆዜ ካለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ዘንግ ገዛ። ለማጥመጃ የሚሆን ሥጋ ከፍሪጅ አውጥቶ ሲከትፍ እናቴ ደረሰችበት። «ለጥብስ ያመጣሁትን ለውሃ ልትሰጠው ነው? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?» አለችው። ሳቀና ትልልቁን ቁራጭ መርጦ ወሰደ።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ባሕሩ የለም። ድልድዩ አለ፣ ከሥሩ ግን ጥቁር ጭቃ ተዘርግቷል፤ እግራቸው ቀጫጭን ወፎች ይመላለሱበታል፤ የተበላሸ እንቁላልና የጨው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጥቂት ውሃ የቀረው ከድልድዩ ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ውሃው የት ሄደ?» አልኩት።

«ነፋስ ገፍቶት ይሆናል፤ ይመለሳል» አለኝ፤ እሱም እንዳልገባው ከድምፁ ያስታውቃል። ጫፉ ላይ ቆሞ ከሥጋው አንዱን ሰክቶ በሙሉ ክንዱ ወረወረው። አቤት አወራወር! ክሩ እያፏጨ ሄዶ ሩቅ ቦታ ጠብ አለ።

ከጎናችን ባርኔጣ ያደረጉ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴን ጥቂት ካዩት በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በእንግሊዝኛ ነገሩኝ። ለአባትሽ ንገሪው፣ አሁን ውሃው ሸሽቷል፤ ሞልቶ ሊያበቃ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይምጣ። መንጠቆው ትልቅ ነው። ሥጋውን ትቶ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር እንስሳ በትንሽ በትንሹ ቆርጦ ያድርግ። ሩቅም አይወርውር፣ ዓሣው ያለው እዚሁ እግራችን ሥር፣ ምሰሶዎቹ አጠገብ ነው። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ ከንፈሬን እያየ።

«አባዬ፣ ሂ ሴድ... አወራወርህ በጣም አሪፍ ነው።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም። አንድ ቦታ እንኳ የሚያውቅ ሰው ሆኖ እንዲቆም ፈልጌ ይሆናል። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሽማግሌውን በአክብሮት አመሰገነና ከቅድሙ አርቆ ወረወረ። ሰውዬው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላም ጭቃ። ሽማግሌው ጭቃውን በጣት እያሳዩ ደግመው አስረዱኝ፤ እኔም ሌላ ምስጋና ፈጥሬ አቀረብኩ።

«እኚህ ሰውዬ እንዲህ እያደነቁኝ ለምንድነው ራሳቸውን የሚነቀንቁት?» አለኝ አባቴ።

«እኔ እንጃ፣ ሜቢ ካልቸራቸው ነው።»

ሁለቱን ግራ አጋባኋቸው፤ ከሁለቱም የባሰ ግራ የተጋባሁት ግን እኔ ነኝ። እሱ ሥራ በገባበት ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር በዚያ ስናልፍ ባሕሩ ሞልቶ ተንጣልሎ አየሁት። እሱ ሲሄድ ይጎድላል፣ እሱ ሲቀር ይሞላል። ባሕሩ አባቴን የሚሸሸው መሰለኝ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከአራተኛው ጉዟችን በፊት አባቴ ዕቃ እያጠበ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። «ዓሣ እንኳ እምቢ አለኝ እኮ። እኔ አገር ቤት ልመለስና ማስተማሬን ልቀጥል፤ እናንተ እዚሁ ቆዩ።» እናቴ አልመለሰችለትም። ቀልድ ይሁን የምር አልገባኝም። በልጅ ጭንቅላቴ ግን ቆረጥኩት፦ አንድ ዓሣ ከያዘ ይቀራል፣ ካልያዘ ይሄዳል።

በዚያ ቅዳሜ ሦስቴ ወርውሮ ክሩን መጠቅለል ጀመረ። «በቃ ሚጡዬ፣ ዘንጉን ለሰውዬው እንስጣቸው።»

ያን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፤ ሰዓቱን፣ መንጠቆውን፣ ሽሪምፑን፣ ምሰሶዎቹን። እየተናገርኩ አለቅሳለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ያሉት?»

«ፈርስት ዴይ።»

አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል ምሰሶዎቹን ተመለከተ። እርጥበቱና የተጣበቀባቸው ዛጎል እስከ እግራችን ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ውሃው እዚያ ድረስ እንደሚመጣ ምልክቱ ፊታችን ነበር። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ጨረቃ!» አለ። «ጨረቃ እኮ ናት! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስያታለሁ፣ ፈተና አውጥቼባታለሁ!» ጨረቃ ባሕርን እንዴት እንደምትስብና እንደምትለቅ እሱም ተማሪዎቹም ያወቁት ባሕር ሳያዩ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚዘገይ አንዱ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ፣ ቀጣዩ ጎዶሎ ይሆናል፤ የአባቴ ዕረፍት የገጠመው ከጎዶሎው ጋር ነበር። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘ። «ስሚኝ፣ ከእንግዲህ በእኔና በሰው መካከል ስትቆሚ ቃል እንዳታስቀሪብኝ። ስድብም ይሁን ክፉ ወሬ፣ እንዳለ አምጪው። የምችለውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ዳቧችንን እየበላን ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ መጣ። ሽማግሌው ትንሽ መንጠቆና ሽሪምፕ ሰጡት፤ ምሰሶው ሥር ለቀቀው። ብዙም አልቆየ፣ መዳፍ የምታክል ብርማ ዓሣ እንጨቱ ላይ ትዘል ጀመር። አባቴ ጮኸ፣ እኔ ጮህኩ፤ ሽማግሌውም አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«'ይሄን ሁሉ ጊዜ ደንቆሮ መስለኸኝ ነበር' ነው ያሉት» አልኩት። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

አባቴ ወደ አገር ቤት አልተመለሰም። ዓሣዋ ትሁን የእናቴ ዝምታ ያስቀረው፣ ጠይቄው አላውቅም።

ዛሬ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ስልክ ይናገራል፤ ጀማሪም ቢሆን እንደኛ ለጭቃ አይወረውርም። የአባቴ ጆሮም እንግሊዝኛውን ለምዷል። ሐኪም ጋ ሲሄድ ብቻ አሁንም እኔን ይፈልጋል። ባለፈው ወር ከሥራ ኦፍ ወስጄ አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት እያየች ብዙ አወራች፤ ደግ ወሬ አልነበረም። ስትጨርስ አባቴ ከንፈሬን እያየ ጠበቀኝ። ሌላ የሚያምር ነገር መፍጠር እችል ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አንድም ሳላስቀር፣ አንድም ሳላለሰልስ፣ ያለችውን እንዳለ ነገርኩት።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም አባዬ። ይኸው ነው።»

«ጎበዝ» አለና እጄን ያዘ።

ልጅነቴ እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም፤ ከአባቴ የምደብቀው ትልቁ ክፉ ወሬ የዓሣ ወሬ የነበረበት ያ ዘመን።