ቫት፣ ሱሪና የተዘጋ በር

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ይልቃል ሱሪውን ይዞ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመ። ወገቡ ጠቦታል። ደጋግሜ ስለቅለት ስለኖርኩ ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም። "ሱሪው ነው የጠበበው ወይስ አንተ ነህ የሰፋኸው?" ስለው፣ "ቅቤ የምታበዢው አንቺ!" ብሎ ጥፋቱን ወደ እኔ መለሰው። ነጠላዬን አገልድሞ ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ሲል ግን ሳቄ መጣ። ይህን ሰው መጀመሪያ ያወቅሁት ልክ እንዲህ ሱሪውን አውልቆ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ነውር ስለሚመስል ከነምክንያቱ ላውጋችሁ።

ቫት የሚባለው ነገር ገና አዲስ ሆኖ ቦንጋ ውስጥ ሁሉም እንደመሰለው የሚተረጉመው ጊዜ ነበር። እኔ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሰፋ ኖሬ፣ በዚያው ዓመት የራሴን የስፌት መኪና ገዝቼ ከገበያው በላይ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራይቼ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው። የእኛ አገር ነሐሴ ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ሲያንጠባጥብ ስለሚውል ማባራቱን እንኳ ለማወቅ ደጅ ወጥቶ ወደ ሰማይ ማየት ያስፈልጋል። ጭቃው ጫማ ከእግር ይቀማል። ለልብስ ሰፊ ግን የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ደስ ይላል፤ እናቶች ከሺሺንዳም ከቢታ ገነትም ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ።

ጭንቀቴ ከመስከረም በኋላ ስላለው ጊዜ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ ማን ያሰፋል? ይህን እያሰብኩ ሳለ የአንድ ቡና እርሻ ዕቃ ገዢ መጥቶ የሠራተኞች ቱታ ዓመቱን ሙሉ ሊያሰፋኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። "የቫት ደረሰኝ ከሰጠሽኝ ሥራው ያንቺ ነው። ካልሆነ ሌላ እፈልጋለሁ፤ በሳምንቱ አሳውቂኝ" አለ። ብመዘገብ እንጀራዬ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ነገር ግን በእናቶቹም ዩኒፎርም ላይ ከመቶ አሥራ አምስት ልጨምር ነው። ባልመዘገብ ደግሞ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቅጥር መመለሴ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቴን ጨርቅ ነጋዴውን ጋሽ ከድርን ባማክራቸው፣ "ወርቄ፣ ገቢዎች ቤት አንዴ ስምሽ ከገባ አይወጣም!" ከማለት ሌላ ምክር አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቀጭን ሰው በሩ ላይ ቆመ። የአውቶቡሱ ወንበር ብረት ይዞት ሱሪው ከጉልበቱ እስከ ጭኑ ተቀዷል።

"እህቴ፣ አሁኑኑ ትደርሽልኛለሽ? ሻንጣዬ ጅማ ቀርቶ ሌላ ሱሪ የለኝም።"

ለዩኒፎርም የተቀመጠ አረንጓዴ ጨርቅ ሰጠሁት፤ ከመጋረጃው ኋላ ለውጦ፣ አገልድሞ ወጣ። ሱሪውን ገና ከመርፌው ሥር ሳስገባ የጋሽ ከድር ድምፅ መጣ። "ገቢዎች መጡ! ዝጊ ወርቄ፣ ዝጊ!"

በዚያን ጊዜ ይህ ከተባለ ሱቅ በሙሉ ይዘጋል፤ የቆርቆሮ በሮች ድምፅ ከታች እስከ ላይ ይንጋጋል። እኔ ፈቃድ አለኝ፣ ግብሬንም ከፍያለሁ፤ የምደብቀው ነገር አልነበረም። ግን ሰው ሁሉ ዘጋ፣ እኔም ዘጋሁ። ሰውዬው ውስጥ መሆኑ ትዝ ያለኝ መቀርቀሪያውን ከሳብኩ በኋላ ነው።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ እስኪያልፉ ነው።"

"ግድ የለም" አለ። ጥግ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

መኪናውን ብረግጥ ድምፁ ያጋልጠናል፤ ስለዚህ በምስማር ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን በእጄ መስፋት ጀመርኩ። ጠብሼ ያስቀመጥኩትን በቆሎ ሰብሬ ግማሹን ሰጠሁት። ጨለማው ይሁን፣ ሁለተኛ የማላገኘው ሰው ስለመሰለኝ ይሁን አላውቅም፣ የቫቱን ጭንቀት ሁሉ ዘረገፍኩለት።

በቆሎውን እየፈለፈለ ሲሰማኝ ቆየና ሽያጬን ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"እንግዲያው ግዴታ የለብሽም፤ ሕጉ ግድ የሚለው በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ የሚሸጠውን ነው። በፈቃድሽ ለመመዝገብ ደግሞ አብዛኛው ሽያጭሽ ለቫት ለተመዘገቡ ድርጅቶች መሆን አለበት። የእርሻውን ሥራ ዋና ሥራሽ ካደረግሽ ትችያለሽ።"

"ታዲያ ልመዝገብ?"

ያገለደመውን ጨርቅ ዳሰሰ። "ይሄ የማን ነው?"

"የአንዲት የሺሺንዳ እናት። ለልጆቿ ነው። ማር ሸጣ ገዛችው።"

"እርሻው ለአንቺ የከፈለውን ቫት ለመንግሥት ከሚከፍለው ላይ ያቀናንሳል። እሷስ ከማን ላይ ታቀናንሳለች?"

ያቺ ሴት ትናንት ጨርቁን ስትሰጠኝ የተከራከረችው በዋጋ አልነበረም። "እጥፉን ሰፊ አድርጊልኝ እህቴ፣ ለከርሞ ይለቀቃል" ነበር ያለችኝ። ከመቶ አሥራ አምስቱ ያንን እጥፍ ሲበላው ታየኝ። እሷን የመሰሉትን ትቼ የቱታ ሰፊ ልሁን ብል አንጀቴ እምቢ አለኝ።

"አልመዘገብም" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ግን እንባዬም አብሮ መጣ፤ ከመስከረም በኋላ ምን እንደምበላ አላውቅም ነበር። እሱም የራሱን ድርሻ በቆሎ ፈልፍሎ በመዳፌ ላይ አደረገልኝ።

"ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ?"

"ውጭ ያሉት ባልደረቦቼ ናቸው" አለ አቀርቅሮ። "ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ዛሬ ሥራ መጀመሬ ነው። እኔኑ ሳይፈልጉኝ አልቀሩም።"

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። "ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"በዚህ ሁኔታ ልውጣ?" ብሎ ጨርቁን አሳየኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። "ደግሞ ከዛሬ በኋላ ሁሉም ሲያየኝ በር ሊዘጋብኝ ነው። እስቲ ትንሽ ሳልፈራ ልቀመጥ ብዬ ነው።"

የቱታው ሥራ ለሌላ ሰው ሄደ። ከመስከረም በኋላ የመጡት ወራት ከባድ ነበሩ፤ የጋሽ ከድርን የተቀደደ ጆንያ እስከመጣፍ ደርሻለሁ። ይልቃል በየሳምንቱ ስፌቱ የለቀቀ ሱሪ ይዞ ይመጣ ነበር። በምላጭ በተተረተረና አርጅቶ በለቀቀ ስፌት መካከል ያለው ልዩነት አይጠፋኝም። ግን እንዳላየሁ ሆኜ ሰፋሁለት፤ እሱም ያለ ደረሰኝ ወጥቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ተጋባን።

በኋላ ሥራዬ ሲሰፋ ሕጉ ግድ አለኝና ተመዘገብኩ። እናቶቹ አጉረመረሙ፣ አልፈረድኩባቸውም። ዋጋው ቢጨምርም እጥፉን ግን እስከ ዛሬ አጥብቤ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ከይልቃል ሱሪ ወገብ ላይ የሚለቀቅ ሳጣ፣ ከኋላ ቁራጭ ጨርቅ ቀጠልኩበት። ያን ጠዋት ሥራ ብቻ የመረጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አብሬው የምኖረውንም ሰው መምረጤ ኖሯል። ይህን እያሰብኩ ስሰፋ ከበርጩማው ላይ ሆኖ ፈገግ ብሎ በሹክሹክታ ጠራኝ።

"ወርቄ፣ ገቢዎች መጡ።"

ያኔ በሩን የዘጋሁት በፍርሃት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን የገበያ ቀን መሆኑን እያወቅሁ፣ ደንበኛ ሊመጣ እንደሚችል እያወቅሁ፣ መርፌዬን አስቀምጬ ተነሳሁና ዘጋሁት።