በር ጠባቂው የዓይን ሐኪም

ሐኪም ሲታገድ ቀድሞ የሚታመመው የባልደረቦቹ ስልክ ነው። ትናንት ገና ሳይጠራ «አቤት ዶክተር!» ይል የነበረው ሁሉ ዛሬ ኔትወርክ እምቢ ይለዋል። ኮሪደር ላይ ድንገት ቢገጣጠሙም፣ ከተለጠፈ ጀምሮ ማንም ያላነበበው የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ በድንገት ይጥማቸዋል።

ጡረተኛው የዓይን ሐኪም ግን የታገደ ሐኪም ቤት መሄድን ሥራዬ ብለው ይዘዋል። የሐኪሞች ማኅበር «የሙያ አጋር» ይላቸዋል፤ ሰው «በር ጠባቂው» ይላቸዋል። ሰው እንደ ወትሮው ከማኅበር ይሻላል። ሥራቸው በር ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ መነጽር አፍንጫ ጫፍ ላይ አሳርፎ፣ የታገደው ሐኪም ማንንም እንዳያክም መጠበቅ ነውና። ታግዶ ሳለ አንዲት እንክብል ያዘዘ ሐኪም፣ ከተከሰሰበት ነጻ ቢወጣ እንኳ በእንክብሏ ይጠፋል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በጎልማሳነታቸው ታግደው ሳሉ ለጎረቤት የዓይን ጠብታ አዘዙ፤ የወራት እገዳቸው የዓመታት ሆነ። ጎረቤትየው ዳነ፤ በዳነው ዓይኑ ግን ዳግመኛ ቀና ብሎ አላያቸውም።

የዘንድሮው ባለጉዳይ ቀዶ ሐኪም ነው። በሽተኛ ሆድ ውስጥ ጨርቅ ረስተሃል ተብሎ ታግዶ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው እስኪጠራው ቤቱ ተቀምጧል። ከሁሉ የሚደንቀው ብልሃቱ ነበር፤ ለአማቱም ለጎረቤቱም «ፈቃድ ላይ ነኝ» ብሎ አረፈው። ሥራ የፈታ ሐኪም በነጻ ተገኝቶ ሰፈር ዝም ሊል ኖሯል? ጉሮሮዋን የምታሳይ፣ ወገቡን የያዘ፣ ምንም ሳያመው «እግረ መንገዴን ነው» የሚል፣ ሁሉም ጎረፈ። በር ጠባቂው መጪውን ሁሉ አስቁመው የዓይኑን ቆብ ይገለብጣሉ።

«ጋሼ፣ እኔን እኮ የሚያመኝ ወገቤ ነው።»

«እኔ የማውቀው ዓይን ነው። ዓይንህ እንደ መስተዋት ነው፤ ለወገብህ ጤና ጣቢያ አለልህ።»

ቀዶ ሐኪሙ ከውስጥ ሆኖ ይሸማቀቃል። «ኧረ ጋሼ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ታግዷል ይልሃላ! አልታገድክም እንዴ?»

«ቃሉ እኮ ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

«እኔም አልወጣልህ ብሎኝ ነው ጠብታውን ያዘዝኩት። ታግጃለሁ ከማለት ማዘዝ ቀለለኝ።»

አማትየው ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ የመጡት ያን ሰሞን ነው። በር ጠባቂው ወደ ዓይናቸው እጅ ቢሰነዝሩ፣ «ወዲያ! የልጄ ባል ቤት ነው!» ብለው አለፏቸው። ሶፋው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ።

«በል እይልኝ።»

የቀዶ ሐኪሙ እጅ ባለቤቷን ሳታስፈቅድ ተዘረጋች። በር ጠባቂው ደፍ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምነው ቆምክ? ፈቃድ ላይ አይደለህም?» አሉ አማትየው።

እጁ አየር ላይ ቀረች። «እማማ… ፈቃድ አይደለም። ታግጃለሁ። እግርዎን ባክም ለዘለዓለም ከሙያዬ ያባርሩኛል።»

አማትየው እግራቸውን ሰበሰቡ። «ሰርቀህ ነው?»

«ኧረ! ሰው ሆድ ውስጥ ጨርቅ ረሳህ ብለውኝ ነው።»

«ረስተሃል?»

«አላውቅም። እሱን እያጣሩ ነው።»

«እና ይህን ለእኔ መንገር ነው እንዲህ ያነቀህ? እኔ ደግሞ ልጄን ልትፈታ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ!» ወደ ደፉ ዞሩ። «እርስዎም ወንበሩን ይልቀቁልኝ።»

ጤና ጣቢያ ታይተው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው፣ ያበጠውን እግር በርጩማ ላይ ሰቅለው በሩን ተረከቡ። እንኳን በሽተኛ ዝንብም አላሳለፉ። አንድ ቀን ሆዱን ይዞ የሚያቃስት እንግዳ ሰው መጣ።

«ሆድ? ደግሞ ሆድ! የእኔ አማች ታግዷል፤ ሆድ ያመጣብን ጣጣ ይበቃናል!» ከዘራቸውን አነሡ። ሰውየው የሆዱን ሕመም እዚያው ጥሎ ክርኑን ይዞ ሮጠ።

በቀጠሮው ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ «በእገዳህ ጊዜ ሰው አክመሃል?» ብሎ ጠየቀ። ቀዶ ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት፣ ከጥግ የተቀመጠው የኮሚቴው አጣሪ ክርኑን እያሻሸ ቀደመው፦

«አላከመም። ለማጣራት በሽተኛ መስዬ፣ ደህና ሄጄ ታምሜ ተመልሻለሁ።»

የጨርቁ ነገር ገና ይጣራል፤ የሙያ ፈቃዱ ግን አልተነጠቀም። ሌላ ሐኪም ታግዶ ኖሮ በር ጠባቂው ወንበራቸውን ሊወስዱ መጡ። አማትየው ንቅንቅ አላሉም።

«ይቆይልን እንጂ፤» አሏቸው፣ «የእኛ ገና አልተወሰነም።»