በሚኒባስ ተራ ላይ የተሠራው መጠቅለያ

ዓለምነው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄደው መስመር የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ነው። የሚደርሱትን መኪኖች ታርጋ በቅደም ተከተል በደብተር ይመዘግባል፤ የፊተኛው ሞልቶ ሲወጣ ይሰርዘዋል፤ ቀጣዩን በእጁ ጠርቶ ያስጠጋል። በአንዱና በሌላው መካከል አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ያልፋል። በዚያ ጊዜ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሰው ዕቃ ይጠብቃል።

ዕቃ ጠብቅ ብሎ የቀጠረው የለም። ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ዘንቢሏን እግሩ ሥር አኑራ መድኃኒት ልትገዛ ሄደች፤ ተመልሳ እንዳስቀመጠችው አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። መንገደኛው ጆንያውንና ቦርሳውን ከጥላው ሥር ያስቀምጥና «አደራ» ብሎ ወደ ገበያ ይገባል። እስከ ዛሬ የጠፋ ነገር የለም። ዓለምነው ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ ነገር ግን ምሳውን እንኳ የሚበላው ፊቱን ወደ ዕቃዎቹ አዙሮ ነው።

ከዚህ ሥራ በፊት የት እንደነበረ ሲጠየቅ «ሁመራ፣ ሰሊጥ ላይ» ይላል። ወደ ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ሰው በከተማው ብዙ ስለሆነ ደግሞ የሚጠይቀው አልነበረም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዓለምነው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በቁልቁለት ላይ በቅሎ የሚጎትት ሽማግሌ ገጭቶ ገደለ፤ አራት ዓመት ከሁለት ወርም ታሰረ።

ሹራብ መሥራት የተማረው እዚያ ነው። እስረኞቹ የብስክሌት ሽቦ በድንጋይ ስለው መሥሪያ ያበጁ ነበር። ታናሽ እህቱ ዝናሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ ክር ታመጣለታለች፤ ያለቀውን ቆብና ሹራብ ወስዳ ትሸጣለች፤ በተገኘው ገንዘብ ለእሱ ሳሙና፣ ለቀጣዩ ሥራ ደግሞ ክር ትገዛለች። በአራት ዓመት ውስጥ ለራሷ አንዲት ቆብ አላስቀረችም። በጎንደር ሽቦና ክር ይዞ የተቀመጠ ጎልማሳ የታየ እንደሆነ ሙያውን የት እንደተማረ ለመገመት ብዙ ሰው አይቸገርም። ስለዚህ ዓለምነው ከእስር ሲወጣ ሁለቱን ሽቦዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አኖራቸው።

ዝናሽ ኮሶዬ አካባቢ ላለ ክንዴ ለሚባል ገበሬ ተዳረች። ስምንት ዓመት ልጅ አልመጣም። በዘጠነኛው ዓመት አረገዘች፤ የመንደሩ ሴቶችም የሆዷን አቀማመጥ አይተው ሴት ናት ብለው ወሰኑ። ኅዳር 5 ቀን ክንዴ ደወለ።

«ማርያም ማረቻት» አለ።

«እንኳን ማረቻት» አለ ዓለምነው። ሌላ ሳይባባሉ ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሞ ቢሞክርም መስመሩ አልገኝ አለ፤ በዚያ ሰሞን ወደ ኮሶዬ ስልክ የሚገባው አልፎ አልፎ ነበር። በማግስቱ በሾፌሮች እጅ ለአራሷ ማርና ቅቤ ላከ። «እናትና ልጅ ደህና ናቸው» የሚል መልስ መጣለት፤ በቃው።

ልጅ ሳይወለድ ልብስ ማዘጋጀት በእናቱ ቤት ደግ አይባልም ነበር። ስለዚህ ክሩን የገዛው ከስልኩ በኋላ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ አሥራ ሁለት ጥቅል። ሊሠራ ያሰበው የሕፃን መጠቅለያ ነው፤ የኮሶዬን ብርድ የሚችል፣ ልጅቷ ድክ ድክ እስክትል የሚያገለግል ትልቅ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ቆጠረ፤ ጥር 24 ላይ ዋለ። ጾሙ ተፈትቶ፣ ገናና ጥምቀት አልፎ፣ በግ የሚታረድበት ጊዜ ነው። ማታ ማታ በሩን ዘግቶ፣ መብራት ሲኖር ቢሠራ እንደሚደርስ ገመተ።

ኅዳር 28 ቀን አያ ፋንታሁን የሚባሉ የዝናሽ ጎረቤት ድንች ሸጠው ሲመለሱ ከጥላው ሥር አረፍ አሉ።

«እንግዲህ ክርስትናው ደረሰ። መቼ ነው የምትመጣ?» አሉት።

«ገና ነው እኮ አያ ፋንታሁን። ጥር 24 አይደል?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምነው? ወንድ ልጅ ሰማንያ ቀን የሚጠብቅ ምን አጥፍቶ ነው?»

«ወንድ ነው እንዴ?»

«ወንድ ነው እንጂ። ሸጋ ልጅ። አጎቱ አንተ አይደለህ? እኔ ልንገርህ?»

ዓለምነው ደብተሩን ገልጦ ከታርጋዎቹ ግርጌ ቆጠረ። አርባ ቀኑ ታኅሣሥ 14 ይሞላል፤ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷል። ቤቱ ያለው መጠቅለያ ደግሞ ገና ሲሶው ነው።

በበነጋው ገበያ ወርዶ የተሠሩ የሕፃን ብርድ ልብሶች አየ። ድብ የታተመባቸው፣ ለእጅ የሚለሰልሱ ናቸው። አንዱን ገልብጦ አየና መልሶ አጠፈው። ነጋዴዋ ዋጋ ልትቀንስለት ስትጠራው ርቆ ሄዷል። በእስር ቤት ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሠርቷል፤ ክሩን ተሸክማ ለምትመላለሰው ግን አንድ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ይህን ለነጋዴዋ መንገር አይቻልም።

ማታ ብቻ እየሠራ እንደማይደርስ ግልጽ ነበር። ጊዜ ያለው ቀን ነው፤ ቀኑን የሚውለው ደግሞ ተራው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ሰው ካየው የሁመራው ወሬ ይቀራል። ሁመራ ከቀረች ከጥላው ሥር «አደራ» ብሎ የሚሄድ ይኖር እንደሆነ አያውቅም። ሁለት ቀን ሽቦዎቹን በቦርሳው ይዞ መጣ፤ ሁለት ቀን ሳያወጣቸው ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የመጀመሪያው መኪና እንደወጣ፣ ነጩ ክር አቧራ እንዳይነካው ጉልበቱ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈና ጀመረ።

መጀመሪያ ያየችው ከጎኑ ሻይ የምትሸጠው ብርነሽ ናት። ብርጭቆ እያጠበች ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ሻይ የተጣደበትን ምድጃ ወደ ሌላ ወገን አዛወረችለት፤ ጭሱ ወደ ክሩ እንዳይሄድ ነው። ቀጥሎ ጌቾ መጣ። ጌቾ ከመስመሩ ሾፌሮች ሁሉ ወሬ የሚበዛው ነው።

«አያ ዓለም፣ ምነው፣ ልታገባ ነው እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ ተወልዷል።»

«እና አንተ ነህ አራስ የምታርሰው?»

«ተወው» አለች ብርነሽ። «አንተ የሸሚዝህ ቁልፍ ሲወድቅ እንኳ የምታመጣው ለእኔ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? ሥራው ሸጋ ነው። ለእኔም ለመሪው ልብስ ይሥራልኝ፣ ጠዋት ጠዋት እጄን ይበርደኛል።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ዓለምነውም ሳቀ። ለአፍታ ነገሩ በዚያ የሚያበቃ መስሎት ነበር። ነገር ግን መኪናው እስኪሞላ የሚጠብቁ አንዲት እናት ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው እጁን ሲያዩ ቆይተዋል።

«ወንድሜም እንዲህ ነበር የሚሠራ» አሉ ቀስ ብለው። «ክሩን እንዲህ በአንገቱ ዙሪያ አሳልፎ። እዚያ ሳለ።»

«የት ሳለ?» አለ ጌቾ።

ሴትዮዋ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና የዓለምነውን ፊት ሲያዩ ተዉት። ጌቾ ወደ ዓለምነው ዞረ። «አንተስ የት ተማርከው?»

ሁመራ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። በሁመራም አንዲት ሴት አስተማረችኝ ማለት ይቻላል። ዓለምነው የረድፉ መሃል ላይ ነበር፤ በሽቦው ላይ የቀሩትን ቀለበቶች እስከ ጫፍ ጨረሰና ሥራውን አዞረው።

«ማረሚያ ቤት» አለ። «አራት ዓመት ከሁለት ወር።»

«በምን?»

«በማኪና። ሽማግሌ ገጭቼ። ሞቱ።»

ጌቾ በጣቱ ሲያሽከረክረው የነበረውን ቁልፍ ያዘና ኪሱ ከተተው። 

«ሁመራስ?» አለች ብርነሽ።

«በዓይኔ አይቻት አላውቅም።»

«የሰሊጡን ወሬ ግን ስታወራው እኮ…»

«ከሬዲዮ ነው።»

ብርነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ልትስቅ ፈልጋ ይሁን አዝና አልታወቀም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰርገኛ ጤፏን በጆንያ አድርጋ አስቀምጣ የነበረች ከኮላ ድባ የመጣች ሴት ተመልሳ መጣች። ቆመው ከነበሩት አንዱ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት። ሴትዮዋ ዓለምነውን «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ጆንያዋን እየጎተተች ወስዳም ማዶ ካለው ሱቅ ደጃፍ አስቀመጠችው። ከዚያ ገበያዋ ሄደች።

በሚቀጥሉት ቀናት ከጥላው ሥር ያለው ዕቃ እያነሰ ሄደ። አሥርና አሥራ ሁለት ይሆን የነበረው ሁለትና ሦስት ሆነ። አንዳንድ ሾፌሮች ደብተሩን ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ታርጋ በዓይናቸው ማየት ጀመሩ፤ ከዚህ በፊት ማንም አይቶት አያውቅም። ዓለምነው ደብተሩን ሳይጠይቁት ወደ እነሱ ያዞርላቸዋል። የሚደብቀው ነገር ስላልነበረ ግን ከጠዋት እስከ ማታ መሥራት ቻለ። መጠቅለያው ከጉልበቱ አልፎ ወደ እግሩ ወረደ። የመጣ የሄደው ያየዋል። አንዳንዱ ይጠይቃል፤ ጠያቂ ሁሉ ያው መልስ ይሰጠዋል። መስኮት አጠገብ የነበሩት እናት አንድ ቀን ከዳባት ሲመለሱ ትንሽ ዘንቢል እግሩ ሥር አኑረው ወደ ገበያ ሄዱ።

ታኅሣሥ 13 ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራውን ለባልደረባው አስረከበ። መጠቅለያው ካሰበው ርዝመት አንድ ስንዝር ተኩል ይጎድለዋል። የሚሳፈረው ከጌቾ ጋር ነው፤ የጌቾ መኪና ግን በተራው ሁለተኛ ነበር። ፊተኛው ሾፌር «አንተማ እለፍ፣ ለክርስትና ነው» ብሎ ጌቾን ሊያስቀድም ቢፈልግም ዓለምነው እንቢ አለ። «ተራ ተራ ነው» ብሎ ቁጭ አለና አርባ ደቂቃ ሙሉ ሠራ።

የጌቾ መኪና ሲሞላ የቀረው ቦታ ከሾፌሩ ጎን ነበር። ዓለምነው ከእስር ከወጣ ጀምሮ በማንኛውም መኪና የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ጌቾ ይህን አያውቅም፤ በሩን ከውስጥ ከፈተለት። ገባ። ወለቃን፣ በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን የሸክላ ዕቃዎች አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ክሩን አወጣ። እጁ ሥራ ከያዘ ዓይኑ መንገዱን ማየት አይጠበቅበትም።

ጌቾ ሬዲዮውን ዘጋ። ከዚያ፣

«ፍሬኑ ነው አይደል?» አለ። «ፍሬን እንቢ ሲል ሰው ምን ያደርጋል።»

ጠበቃውም፣ ዘመድም፣ አብረውት የታሰሩትም ሁሉ እንዲህ ብለውለት ያውቃሉ። ዓለምነው ቀለበቶቹን እስከ ረድፉ መጨረሻ ቆጠረ።

«ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ። «ቸኩዬ ነው።»

ጌቾ መንገዱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ከሚቀጥለው ኩርባ በፊት ማርሽ ሲቀንስ ተሰማ። ከኋላ አንድ ተሳፋሪ ሊመሽ ነው ብሎ ሲያጉረመርም ጌቾ ፍጥነት አልጨመረም።

ኮሶዬ ሲደርሱ ብርዱ ገብቶ ነበር። ዓለምነው ክሩን ቆርጦ የመጨረሻውን ረድፍ የዘጋው ከክንዴ ደጃፍ በፊት፣ አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ ነው። በማግስቱ ንጋት ላይ ልጁ ተጠመቀ፤ ካህኑ ማተቡን አንገቱ ላይ አሰሩለት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጭጋግ ነበር። ዝናሽ ልጁን ይዛ፣ በነጠላዋ ተሸፋፍና፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ዓለምነው ከፌስታል አውጥቶ ሰጣት።

ዘርግታ አየችው። ጠርዙን በጣቷ ተከትላ ሄደች፤ አሠራሩን ታውቀዋለች፤ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጠርዝ ሸጣለች። በአንደኛው ጥግ ጥቂት አቧራ ቀርቶ ነበር፤ ብታራግፈውም አልለቀቀም።

«ይህን ሁሉ በአርባ ቀን እንዴት አደረስከው ወንድምዓለም?»

«ሰማንያ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ቀን ሠራሁት።»

«ቀን ሥራ ላይ አይደለህ?»

«እዚያው ተራው ላይ ነዋ።»

ዝናሽ እጇ ቆመ። «ሰው እያየህ?»

«ሰው እያየኝ።»

ልጁን ወደ እሱ ዘረጋችና «እስቲ ያዘው፣ ላልብሰው» አለችው። ዓለምነው ሁለት እጁን አቅንቶ ተቀበለ። እሷ መጠቅለያውን ለሁለት አጥፋ ከእግሩ ጀምራ ስትጠቀልለው፣ ከጎደለው ስንዝር ተኩል የተነሣ ጫፉ አገጩ ላይ ቀረ፤ ነጠላዋን ደረበችበት። ጨርሳም ልጁን መልሳ አልተቀበለችውም፤ ቤት እስኪደርሱ ዓለምነው ይዞት ሄደ።