የጋሽ ውሃ ልክ ስቴካ

ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። አናጢ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ሲሠራ ኖሯል። ሰው ቤት ለጥየቃ ሄዶ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ዘንበል ካለ፣ የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ተነስቶ ያቃናዋል። አንድ ጊዜ የተኛ ጓደኛውን ሊጠይቅ ሆስፒታል ገብቶ «አልጋህ በግራ በኩል አንድ ጣት ዝቅ ብሏል» አለውና፣ ሰውየው በሽታውን ትቶ በአልጋው ሲጨነቅ ሰነበተ።

ጠማማ ነገር የማይወደው ይህ ሰው የራሱን ጠማማ ግን አቅፎ ነው የኖረው። ሲጋራ፣ በቀን ሁለት ፓኮ። ሳሉ ከመጋዙ ድምፅ ስለማይለይ ጎረቤት «እሑድም ይሠራል እንዴ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ከስምንት ወር በፊት ሐኪሙ የሳንባውን ራጅ ሰቅሎ አሳየው። መጀመሪያ ያለው «ራጁ ቀጥ ብሎ አልተሰቀለም» ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጠጋ ብሎ አየው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ንግግሯም እንደ ስፌቷ ነው፣ አጭርና የማይተረተር። የዚያኑ ቀን «ሁለተኛ ሲጋራ ከያዝክ ሻንጣዬን አንስቼ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ቁጭ ብዬ ስትሞት አላይህም» አለችው። ልጃቸው የምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። ለማስፈራራት ብቻ እንዳልሆነ እንዲገባው ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች፣ አቧራውን ጠረገች፣ መልሳ ሰቀለችው። እሱም አቆመ። የእውነቱን አቆመ።

ያልታሰበበት የጣቶቹ ነገር ነው። ሲጋራ የለመደ ጣት ሥራ ሲፈታ አያሳርፍም፤ የአዝራር ክር ይመዛል፣ ጢም ይነጫል። ሐኪሙ እጁን የሚያስይዝ ነገር እንዲፈልግ መክሮት ነበርና ከሥራ መልስ ፑል ቤት መግባት ጀመረ። አሁን እዚያ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ዱሮ ግን ከጢሱ የተነሳ ኳሱ እንኳ የማይታይበት ቤት ነበር፤ እሱም ከጢሱ አምራቾች አንዱ። ሚስቱ «ፑል ቤት» ሲላት «ሲጋራ» ብላ እንደምትሰማ ስለሚያውቅ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያለ ማምሸት ያዘ። ጣጣውን ሁሉ የጎተተችው ይቺ ውሸት ናት።

ፑል ቤቱም በበኩሉ መከራ ሆነበት። ኳስ የሚመታበትን ዘንግ ስቴካ ይሉታል፤ የቤቱ ስቴካዎች ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው፣ እርጥበት ጠጥተው፣ ከመሀላቸው አንድም ቀጥ ያለ የለም። አንዱን አንስቶ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረና «ይሄ ስቴካ ሳይሆን ማጭድ ነው» አለ። ኳስ በሳተ ቁጥር ጥፋቱን በእንጨቱ ያላክካል። ተጫዋቾቹም «ጋሽ ውሃ ልክ፣ እንግዲያው የራስህን ይዘህ ና» እያሉ ይነዘንዙታል። አንድ ቀን እሺ አለ።

ጓሮ ሆኖ ወደ ስፖርት ዕቃ መደብር ደወለ። ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ሰፈሩ «እትዬ ሬዲዮ» የሚላት፣ ባትሪ የማትፈልግ ሴት ናት። ጆሮዋ የደረሰው ይሄ ብቻ ነው፦ «አንድ ስቴካ ይበቃኛል። ቀለል ያለውን አልወድም፣ ከበድ ያለ ይሁን። ነገ አሥር ሰዓት እመጣለሁ። አይ፣ ቤት እንዳትልኩት፣ ሚስቴ ታየዋለች።»

እንግዲህ አሥር ፓኮ ሲጋራ ያለበት ካርቶንም ስሙ ስቴካ ነው። እትዬ ሬዲዮ ፑል ቤት ረግጣ አታውቅም። እርጥቡን ልብስ ባልዲ ውስጥ ትታ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ በረረች። ወሬ ቢነግሩሽ መላ ጨምሪበት ይባላል፤ እሷ የጨመረችው ሌላ ወሬ ነው። ከአጥሩ እስከ ስፌት መኪናው ባለችው ሃያ እርምጃ አንዱ ስቴካ ሦስት ሆነ፣ «ከበድ ያለው»ም ፊልተር የሌለው ተባለ።

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። የባሏን ማምሸት ታውቃለች፤ ጣቶቹ መሀል የማይለቅ ሰማያዊ ነገርም አይታ «የቀለም ሥራ ይሆናል» ብላ አልፋዋለች። አሁን ሁሉም ገጠመላት። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለችና ሻንጣውን አወረደች። ሁለት ቀሚስ ከተተች፣ ፎጣ ከተተች፣ በመጨረሻ ከግድግዳው ምስማር ላይ መቀሷን አንስታ ጨመረች። ልብስ ሰፊ መቀሷን ከከተተች ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ግን በዓይኗ ሳታይ አትሄድም።

በነጋታው አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱ ሴቶች ከኋላው ተከተሉት። እሱ ኳስና መረብ የተንጠለጠለበት መደብር ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ግራ ገባት። እትዬ ሬዲዮ ግን «ደብቀው ነዋ የሚሸጡት፣ ማን ኳስ ውስጥ ይፈልጋል?» አለች። በመስታወቱ ማየት ጀመሩ።

ውስጥ ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበለት እሳት የሚተፋ ዘንዶ የተሳለበትን ነው። ጋሽ ውሃ ልክ ዘንዶውን ዳበሰና «ልብሱን አየሁት፣ አሁን ገላውን አሳየኝ» አለው። ከቀለሙ ሥር ያለው ለስላሳ እንጨት ነው፤ ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኗል። «እንዲህ ዓይነት በር የሠራሁ ለታ ስሜን ቀይሬ አገር እለቃለሁ» አለ። ቀጥሎ የፋይበር መጣ። ይሄስ እርጥበት አይጠጣም፣ አይጎብጥም። በጥፍሩ መታ መታ አደረገውና ጨዋ ዕቃ መሆኑን መሰከረ፤ ነገር ግን ኳሱን ሲመቱት እጅ ላይ ምንም እንደማይነግር፣ እሱ ደግሞ ከማያወራ ሰው ጋር ማምሸት እንደማይችል ለሻጩ አስረዳው። አንድ ወጥ የሆነውን ዘንግ ወደደው፤ አውቶቡስ ውስጥ የሰው ዓይን እንዳያወጣ ብሎ ተወው።

የቀሩት ከመሀል በብሎን የሚጋጠሙት ናቸው፤ ሜፕል ከሚባለው ነጣ ካለ ጠንካራ እንጨት የተሠሩ። እዚህ ላይ ጋሽ ውሃ ልክ መነጽሩን አጠለቀ። የእንጨቱን መስመር ከታች እስከ ላይ ተከተለ፤ መስመሩ መንገድ ላይ ወደ ጎን ከወጣ ዘንጉም አንድ ቀን ተከትሎት ይሄዳል። አጋጥሞ በመጋጠሚያው በኩል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አየ። የመደብሩ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አንከባለላቸው፤ አንዱ እያነከሰ ሄደ፣ ተመለሰ። ጫፉ ላይ ያለችውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ የሚጠቅመው ሳይሰምጥ የሚመልሰው ነው። ሌባ ጣቱ ላይ አስተኝቶ ሚዛኑን መዘነ። ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱም እንከን የለሽ። ግራና ቀኙን ይዞ እንደ ጠመንጃ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን ሲያነጣጥር በሩ ተከፈተ።

«አውጣው» አለች ሚስቱ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምኑን?»

«ስቴካውን።»

ሁለቱንም እጆቹን ከፍ አደረገ። «ገና አልመረጥኩም።»

ልብስ ሰፊዋ ዘንጎቹን አየች፣ ሻጩን አየች፣ ከኋላዋ ያለችውን ጎረቤቷን አየች። ሲጋራው የት እንዳለ ጠየቀች። የምን ሲጋራ ቢላት እጁን ያዘችና ጣቶቹን አሸተተች፣ ሸሚዙን አሸተተች። ትንባሆ የለም፤ የሸተታት ጠመኔ ነው። ሻጩ ከጠረጴዛው ላይ ሰማያዊዋን ጠመኔ አንስቶ፣ ዘንጉ እንዳያንሸራትት ጫፉ በዚህ እንደሚቀባ አሳያት። ያኔ ኳስ የታጨቀበት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋን ሙሉ ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ካርቶኑም አብሯት ተነፈሰ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ፑል ቤት ስልሽ ሲጋራ ትሰሚያለሽ ብዬ ነዋ።»

«ሳትለኝም ሰማሁት» አለችና ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። እትዬ ሬዲዮ በዚህ መሀል ስለ መረብ ጥራት ሻጩን ትጠይቅ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። የትኛው እንደሚሻል ስትጠይቀው እሱም እንዳቃተው አመነ። ሁለቱን ተቀበለችውና ዓይኗን ጨፍና እጀታቸው ላይ የተጠመጠመውን ክር በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «ይሄ ናይለን ነው፤ እጅህ ሲያልበው ያንሸራትትሃል። ጫፉንም በሙጫ ነው የለጠፉት፣ በወሩ ይፈታል። ያኛው ግን የተልባ እግር ክር ነው፤ ላብ ይጠጣል፣ ጫፉንም ከሥር ቀብረውታል። የሰፋው ሰው ሥራውን ያውቃል።» ባሏ ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲያይ ክሩን አላየውም ነበር። ያኛውን ወሰዱ።

ቤት ሲገቡ ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል፤ አንዱ ጎማው ስለተሰበረ ዘንበል ብሎ። ጋሽ ውሃ ልክ ስለ መዝመሙ ምንም አላለም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ባዶውን የቀረው ምስማር ጋ ሄዶ ቀረ።

«መቀስሽንም ከተሽ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

ሻንጣውን ከፍቶ ከፎጣው ሥር መቀሱን አወጣና ምስማሩ ላይ ሰቀለ፤ ከዚያ ሁለቱ ቀሚሶች ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ ከአጠገቧ አልተንቀሳቀሰም። እሷም አንድ ሕግ አወጣች፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስቴካ የሚባል ቃል አይነሳም፣ ዘንግ ይባላል።

ሕጉን እትዬ ሬዲዮ ከአጥሩ ወዲያ ሰማችው። ሳይመሽ ሰፈሩ ጋሽ ውሃ ልክ ዘንግ ገዝቶ ሊመነኩስ ነው አለ። ወሬው ተመልሶ ቤታቸው ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ይዛ ለዘንጉ ከረጢት እየቆረጠች ነበር። «ጠርዙን ቀጥ አድርጊው» ይላታል መነኩሴው ከኋላዋ ቆሞ፣ «በግራ በኩል ትንሽ ሄዷል።»