የእማዬ አምባር

ግንቦት ልደታን ሰፈራችን ደጅ ወጥቶ ነው የሚያከብረው። በዚያ ዓመት ንፍሮ ከብበን የተቀመጥነው ከአብነት ሰፈር ወረድ ብሎ ካለ አሮጌ የድንጋይ አጥር ሥር ነበር። ዝናብ ያራሰው አጥር እላያችን ላይ ተናደ።

እማዬን ሆዷ ላይ መታት። ደም ስላልታየ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

የአምቡላንስ ሰዎች መጥተው በየቁስለኛው ክንድ የፕላስቲክ አምባር ማሰር ጀመሩ። አምባሩ የልብ ምት እየለካ ወደ ነርሱ ታብሌት ይልካል፤ ቀይ ያሳየ ቀድሞ ይሄዳል፣ አረንጓዴ ያሳየ ይጠብቃል። ነርሱ ለእማዬም ተራ ቁጥር ሰጥቶ አሰረላትና "ከባሰብዎት ራሱ ይጠራኛል፣ እማማ" አላት።

አምባሩ አለቀ። አጠገቧ የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ አልደረሳትም። ድንጋጤ እንጂ ጉዳት አልነበረባትም፤ ግን ታለቅስ ነበር። እማዬ ደግሞ ሌላው ሳይጎርስ የማትጎርስ ሴት ናት። ውሃ ፍለጋ ዘወር ስል "እኔ ምን ሆንኩ? አንቺ ሁለት ነፍስ ነሽ" ብላ አምባሯን አውልቃ ለልጅቷ አሰረችላት። ያሰረ ሁሉ ይታከማል ብላ ነው። ከክንድ ወደ ክንድ ቶሎ ስለተሻገረ መሣሪያው ምቱ መቋረጡን አልባነነም። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ስመለስ እማዬ ክንዷን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ቀዝቃዛ ላብ ያልባታል። ከንፈሯ ነጥቷል። ወደ ነርሱ ሮጥኩ።

"እናቴ እየሞተችብኝ ነው!"

"እህቴ፣ አረንጓዴ ናቸው። እዪው፣ ልባቸው ከእኔም ይሻላል።"

"ስክሪንህን ተወውና እሷን እያት!"

ወይ ፍንክች! ቀይ የሆኑትን እያስጫነ ነበር። ደሜ ፈላ፣ ተሳደብኩ፤ ሰው ጎትቶ አስቀመጠኝ። እማዬ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሃል "ተይ፣ ሰው አታስቸግሪ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ነርሱ በመጨረሻ ሲመጣ ጭኔ ላይ ነበረች። አንገቷን ዳሰሰ፣ ታብሌቱን አየ፣ እንደገና ዳሰሰ። "እዚህ ላይ እኮ ደህና ናቸው" አለ፣ እኔ የዋሸሁት ይመስል።

ያኔ ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ነርሱ አምባሩን ከክንዷ ፈታው።

ታብሌቱ ወዲያው ቀላ። የእናቴን ተራ ቁጥር እያሳየ፣ ቶሎ ድረሱላቸው እያለ ይጮህ ጀመር።