በሰው ስም የነዳኋት መኪና

«ሲስተር፣ እኚህ ሰው እኮ ሞተዋል» አለኝ ጸሐፊው።

አምቦ፣ የትራንስፖርት ቢሮ መስኮት ፊት ቆሜ ነው። የመኪናዬን ሊብሬ ገልጦ ይዟል። ከኋላዬ ሰልፉ ይገፋኛል፤ እኔ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ለአንድ ሰዓት ብቻ አስፈቅጄ ስለወጣሁ ዓይኔ ከሰዓቴ አይነቀልም።

«ማን ነው የሞተው?»

«ባለ መኪናው ናቸዋ! እኔም የግንጪ ልጅ ነኝ፤ ትናንት ቀብረናቸው ነው የመጣሁት።»

ነርስ ነኝ፤ ሞትን በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ ለሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ያን ቀን ግን «ነፍስ ይማር» ማለቱ እንኳ ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው፣ ዛሬም ሳስበው ፊቴን የሚያቃጥለኝ፣ «ታዲያ መኪናዬስ?» የሚል ነበር።

ጸሐፊው ወረቀቶቼን ሰብስቦ በመስኮቱ መለሰልኝ። «ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል፣ ሲስተር። አሁን መኪናዋ የወራሾቹ ናት። እነሱን አናግሪ።» ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና የገዛ ሰው ሊብሬውን በስሙ ማዞር አለበት። ግን ለማዞር ግምት አለ፣ ግብር አለ፣ «ነገ ተመለሺ» አለ፤ ነገ ስትመለስ ደግሞ ሲስተም የለም። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ያለ ሁሉ አያዞርም። ሊብሬው በሻጩ ስም እንዳለ ይቀመጣል፤ ሻጩ ለገዢው «ይንዳ፣ ይሽጥ፣ ይለውጥ» የሚል ውክልና ይሰጠዋል፤ ይጨባበጣሉ፤ አለቀ። የማውቃቸው ባለ መኪናዎች ሁሉ የያዙት እንዲህ ነው። የሽያጭ ውል እንኳ ብዙዎቻችን አንጽፍም። እኔም አልጻፍኩም። ትራፊክ ባስቆመኝ ቁጥር «ይሄ ሊብሬ የማን ነው?» ይለኛል፤ «የኦቦ ነው» እላለሁ፤ ውክልናዬን አይቶ ያሳልፈኛል። አራት ዓመት እንዲህ ነዳሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሴትዮ!

የሻጩን ስም አልጽፍም። እኔም ኦቦ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ ኦቦ ይበቃቸዋል። ግንጪ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በጉልበታቸው ዘመን ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። ወገባቸው እምቢ ሲል ፈረሳቸውን ሸጡና፣ ቆይተው ይቺን ነጭ አሮጌ አውቶሞቢል ገዙ። «ፋርዳ ኮ» ይሏታል፤ ፈረሴ ማለታቸው ነው። ከድሮ ፈረሳቸው ልጓም የተረፈ ቀይ የክር ዘርፍ መስታወቱ ላይ አንጠልጥለውባት ነበር። ዓይናቸው ሲደክም እሷንም ለመሸጥ ተገደዱ፤ እኔም አባቴ ጥሎልን ከሄደው ቤት የደረሰኝን ሁሉ አፍስሼ ገዛኋት። ባሌ አስተማሪ ነው፣ እኔ ነርስ፤ ከዚያች መኪና ሌላ ጥሪት የሚባል የለንም።

አሁን የሚቆጨኝን ልናገር። በሽያጩ ቀን ኦቦ «ስሙን ዛሬውኑ እናዙረው፣ ኢንታላ ኮ» ብለውኝ ነበር፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። «ሰው ሟች ነው» አሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ! «ኧረ ምን ያስቸኩላል ኦቦ፣ እርስዎ እኮ ገና ጎረምሳ ነዎት!» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «እንግዲያው ስሞት ፈረሴን ለልቅሶዬ ታመጪልኛለሽ» አሉ። እኔም ሳቅኩ። ዘርፉን ሳላወርደው በዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከዚያ የመኪና ዋጋ ሰማይ ነካ። አንዷን የሥራ ባልደረባዬን መኪናዋን የሸጠላት ሰው ደውሎ «ጨምሪልኝ፣ አለዚያ ውክልናውን እሽረዋለሁ» ብሎ አስለቀሳት። እኔም ልቤ ፈራ። ባለፈው ክረምት ኦቦ ሲደውሉ፣ «መጡብኝ!» ብዬ አላነሳሁም። ደገሙ። አላነሳሁም። ሌላ ቀን ተረኛ ሆኜ በሽተኛ ፊት ሳለሁ ደወሉ፤ ተናደድኩና ስልኬ ላይ «ኦቦ» የሚለውን አጥፍቼ «አታንሺ» ብዬ ጻፍኩበት። በኋላ ደጋግመው ሲደውሉ «አታንሺ» እያለ ይበራል፣ ይጠፋል። የዚያን ቀን ትራንስፖርት ቢሮ የሄድኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውክልናውን ሳይሽሩብኝ ልቅደማቸው ብዬ ነው።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ሰማኝና «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» አለ።

«ተረትህን ተውና ምን እናድርግ?»

«እንጸልይበት።»

«እንጸልያለን! ከጸሎቱ በኋላስ?»

«ሳልስቱ ነገ ነው። ሄደን እናልቅስ፤ ከዚያ ቀስ ብለን እናንሳላቸው። ግን መኪናዋን ይዘን ከሄድን አይለቁንም። ወራሽ ናቸው፤ በእጃቸው ከገባች አበቃ።»

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ልቅሶ ደራሽ መስዬ ንብረቴን ለመለመን መሄዴ ቀፎኛል፤ ግን መኪናዋን ማጣት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በማግስቱ ግንጪ ደርሰን መናኸሪያው ጀርባ፣ እንዳያዩብን አንድ የእንጨት መሸጫ ግቢ ውስጥ አቆምናት። ባሌ ውስጧ ቀረ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በባጃጅ ወደ ልቅሶው ሄድኩ። የሰረቅኩ ነው የመሰለኝ፤ በገዛ መኪናዬ!

ከድንኳኑ ፊት ሜዳው ላይ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል። እዚህም እዚያም ፈረሰኞች አሉ፤ ፈረሶቹ በቀይ ዘርፍ ተሸልመዋል። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በእኛ ቤት በመዝሙር ነው የሚሸኘው፤ እንዲህ ያለ ልቅሶ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ። የኦቦ ታላቅ እህት ከፊት ነበሩ፤ ጥቁር ለብሰዋል፤ ድምፃቸው አልቆ ሹክሹክታ ሆኗል። አጠገባቸው የኦቦ የመጀመሪያ ልጅ ተቀምጧል፤ በእኔ ዕድሜ ነው፣ በሽያጩ ቀን ሻይ የጋበዘን እሱ ነበር። እናቱ ቀድማ ስለሞተች የቤቱ ኃላፊ አሁን እሱ ነው። አየኝና ወደ አክስቱ ጆሮ ጎንበስ አለ።

እህትየው ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሄጄ ተንበረከክሁ። ልክ «አይዞዎት» ልል ስል «ፈረሱስ?» አሉኝ።

«እ?»

«ፈረሱን የት ጥለሽው መጣሽ? ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅን ነው እኮ።»

ጌታ ሆይ! መኪናዋን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ወሰዱብኝ፣ በቃ፣ አልኩ በልቤ። ልጅየው ጭንቀቴን አይቶ ሳይሆን አይቀርም ቀረብ ብሎ አስረዳኝ። እንደ አባቱ ያለ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ በልቅሶው መሃል ይዞራል። አባቱ ከሸጡት ወዲህ ፈረስ የላቸውም። «ፈረሴ እዚያች ነርስ ጋ ነው፣ ይዛው ትመጣለች» ብለው ነው የሞቱት።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቀልድ መስሎኝ!

«ከተማ ነው ያቆምኳት... መንገዱ...» ብዬ ተንተባተብኩ። ውሸቴን ነው። ከድንኳኑ ወጥቼ ለባሌ ደወልኩ። «አምጣት» አልኩት። «ምን?» አለ። «አምጣት አልኩህ!»

ባሌ ሲደርስ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀለት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እንዳጠመድኩት ሳይመስለው አልቀረም። የኦቦን ቡሉኮ ኮፈኑ ላይ አነጠፉ፤ ከላዩ የድሮ ኮርቻቸውን ጫኑ። ባሌን «ውረድ» አሉትና አለንጋቸውን የሹፌሩ ወንበር ላይ አጋደሙት።

«ማን ሊነዳት ነው?» አለ።

«ማንም» አለው ልጅየው። «ኮርቻው ባዶ መሆን አለበት።»

ሞተሩን አጠፉት። ልጅየው በመስኮቱ እጁን አስገብቶ መሪውን ያዘ፤ ወንዶቹ ከኋላና ከጎን ተደረደሩና ገፉ። አትነቃነቅም። እንደገና ገፉ። ጎማዋ መሬቱን ይፍቃል እንጂ አትሄድም። አንድ ሽማግሌ «ፈረሱም አዝኗል» አሉ፤ ሴቶቹ ይሄን ሲሰሙ ልቅሶውን አቀለጡት። እኔ ደግሞ አላስቻለኝም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል «እጅ ፍሬኑ! እጅ ፍሬኑን አውርዱት!» ብዬ ጮኽኩ። ባሌ በድንጋጤ ስቦት ነበር የወረደው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ልጅየው ራሱ ፈገግ አለ። ፍሬኑ ሲለቀቅ መኪናዋ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች።

በዚያ ሜዳ ሦስት ጊዜ አዞሯት። እህትየው ከፊቷ እየሄዱ፣ በዚያ ባለቀ ድምፃቸው፣ ወንድማቸውን በፈረሱ ስም ይጠሯቸዋል። መስታወቱ ላይ ቀዩ ዘርፍ ይወዛወዛል። ያቺ በየጧቱ አልነሳም ስትለኝ የምሰድባት፣ ለቤንዚን ሰልፍ የምትነዳኝ መኪና! እንባዬ መጣ፤ እውነተኛ እንባ። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ ገሚሱ ለእሳቸው፣ ገሚሱ ከእንግዲህ መኪናዋን አይመልሱልኝም ብዬ ነው።

ሲያበቁ ኮርቻውን አወረዱ። ልጅየው አቧራዋን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ቁልፉን አመጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ውክልናው...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አባቴ የሸጠውን እኛ አንወርስም፣ ሲስተር። ፍርድ ቤት ሄጄ የወራሽነት ማስረጃ አወጣለሁ፤ ከዚያ አብረን አምቦ ሄደን ስሙን እናዞርልሻለን።»

ወደ ድንኳኑ ተመልሼ እህትየው አጠገብ ዘፍ አልኩ። እሳቸውም እጄን ያዙና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ክረምቱን ሙሉ ሲደውልልሽ ነበር እኮ» አሉኝ። «አልጋ ላይ ሆኖ። መኪናዋን በስሟ ሳላዞርላት ከሞትኩ ይቺ ልጅ ትንከራተታለች፣ መጥታ ታስጨርሰኝ ይላል። ስልክሽ አይሠራም ነበር?»

ነርስ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ባነሳው ኖሮ ድምፃቸውን ሰምቼ መታመማቸውን አውቅ ነበር። ሆስፒታል ባደርሳቸውም ባላደርሳቸውም፣ ማወቁን አውቅ ነበር። «ኔትወርክ...» አልኩ። ሁለተኛ ውሸቴ።

«ኔትወርኩማ እንኳን ለእኛ ለእናንተም አልሆነ» አሉ እህትየው፣ አምነውኝ።

ተከትሎኝ የገባው ልጅየው ከኪሱ የአባቱን ስልክ አወጣ፤ ቁልፎቹ የተፋቁ ትንሽ ስልክ። «ቁጥርሽ እዚህ ውስጥ አለ። ለቀጠሮው በዚሁ ነው የምደውልልሽ፤ እስቲ ይገባ እንደሆነ ልሞክረው» አለና ተጫነው።

«አይ ቆይ» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ስልኬ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ፊቱ ወደ ላይ። ጮኸ፤ በራ። በሰፊው፣ በደማቁ፣ «አታንሺ»።

ልጅየው አየው። ዓይኑ ከስልኬ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ስልኬ ተመለሰ። ቁልፉን ይንጠቀኝ፣ ያባርረኝ፣ ይትፋብኝ፤ ሁሉንም ጠበቅኩ፤ ሁሉም ይገባኝ ነበር። ስልኩ ይጮኻል።

እህትየው ፊደል አልቆጠሩም። ወደ ብርሃኑ ጎንበስ ብለው «የወንድሜ ስም ነው? ምን ይላል?» ብለው ጠየቁት።

«‹ኦቦ› ይላል፣ አዳዳ» አላቸው ለአክስቱ፤ ጥሪውንም ዘጋው።